ማይነሩን ያዢው፤ ኮርሱን ግን ካቃተሽ ነገር ተነስተሽ ምረጪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አምና ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመድቤ ነበር። ስምንት ወር ሠራሁና በራሴ ጥያቄ ወደ ክፍል ተመለስኩ። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳወጣ ከግማሹ ስታፍ ጋር ተቀያየምኩ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መስኮት ሰበረ ተብሎ መጣልኝ። ሳላጣራ ለሁለት ሳምንት አገድኩት። የሰበረው ሌላ ልጅ መሆኑ የታወቀው ፈተና ካመለጠው በኋላ ነው። እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

አሁን ፈጣሪ ረድቶኝ አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ማስተርስ እንድማር ተቀብሎኛል። ረዳት አስተማሪ ሆኜ እየሠራሁ ክፍያው ይሸፈንልኛል። አማካሪዬ የላከልኝ ቅጽ ላይ ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ትምህርት ጎን ሌላ ንዑስ ትምህርት፣ መያዝ እንደምችል ይላል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የትምህርት አስተዳደር አለበት። ልያዘው ወይስ ልተወው? ስመለስ ዳይሬክተር ያደርገኛል? የምድር ባቡር ጡረተኛው አባቴ «ወረቀት ከሆነ ያዢው» ይላል። የስታፍ ጓደኞቼ ደግሞ «አስተዳደር የሚማረው ከጠመኔ የሸሸ ነው» ይሉኛል። ቅጹን በዚህ ወር መላክ አለብኝ።

የሂሳብ መምህርቷ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ልጄ፣ ያዢው። መልሴ ይሄ ነው። የሚቀጥለውን የምጽፈው ለምን እንደምትይዢው ተሳስተሽ እንዳትሄጂ ነው።

እኔም ይዤው ነበር። ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. አሜሪካ፣ በቆሎ ማሳው ዓይን እስኪያደክም በሚዘረጋበት በመካከለኛው ምዕራብ ጂኦግራፊ ስማር የትምህርት አስተዳደርን በማይነር ወሰድኩ። ከዚያ በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ሰባት ዓመት ዳይሬክተር ነበርኩ። ከተመለስኩ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መልሼ ሠራሁበት። ስለዚህ ከማይነሩ በፊትም በኋላም የነበረውን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። የኛ ዘመን መምህራን «ሜጀርህ ምንድነው፣ ማይነርህስ?» እየተባባልን ነው የተመረቅነው። የኔ ሜጀር ጂኦግራፊ፣ ማይነር ታሪክ ነበር። እንዲያውም ያኔ ሜጀራቸው የትምህርት አስተዳደር ሆኖ ገብተው የሚያስተምሩት ትምህርት እንዲኖራቸው እንግሊዝኛ ወይም ሌላ ማይነር የሚይዙ ነበሩ። ያንቺ የዚያ ግልባጭ ነው። ዋናው ትምህርትሽ ሂሳብ እንደሆነ ይቀጥላል። ከትምህርት አስተዳደር ክፍል ደግሞ የተወሰኑ ኮርሶች ትወስጃለሽ። ቁጥሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ለማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ነው፣ ከ6 እስከ 9 ክሬዲት ማለት ነው። ለዶክትሬት 12 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። በብዙ ቦታ ከማይነሩ ክፍል አንድ መምህር በመመረቂያ ኮሚቴሽ ውስጥ ይቀመጣል። ትራንስክሪፕትሽ ላይም ይጻፋል።

ዳይሬክተር ያደርገኛል ወይ ላልሽው፣ አያደርግሽም። እዚያም አያደርግም። አሜሪካ ርዕሰ መምህር ለመሆን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ፈቃድ አለው፤ ለፈቃዱ የተሟላ ፕሮግራምና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ ይጠየቃል። ሦስት ኮርስ ያንን አይተካም። እዚህ ስትመለሺ ደግሞ ዲግሪሽ የአቻ ግምት ሲሠራለት የሚታየው በሂሳብ ማስተርስ ሆኖ ነው። ለዳይሬክተርነት የሚፈለገው በትምህርት ቤት አመራር የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወይም በዘርፉ የተያዘ ማስተርስ ነው። አባትሽን አክብሪያቸው፤ ግን ነገሩን በወረቀትነቱ ብቻ ካየሽው ሁለት ዓመት ለፍተሽ ስትመለሺ ቅር ይልሻል።

ታዲያ ለምን ያዢው አልኩሽ? ለዚያ ልጅ ብዬ ነው። ፊቱን ለሚያዞርብሽ።

የኔን ልንገርሽና የራስሽን ታያለሽ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሁለት ክፍል ጣሪያ አርጅቶ ወላጆች አሥር አሥር ብር እንዲያዋጡ ተስማማን። ብሩ መጣ፣ ቆርቆሮው ተገዛ፣ ጣሪያው ተመታ። ደስ ብሎኝ ወላጆችን ግቢ ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ሰበሰብኩና የከፈሉትን ስም ዝርዝር አነበብኩ። አንድ እናት ተነሱ። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ «እኔም አሥር ብር ሰጥቻለሁ፤ ስሜ የት አለ?» አሉ። እኔ ዝርዝሩን ደግሜ አየሁ። የለም። እሳቸው ዝም ብለው የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። በላብ የለሰለሰች፣ አራት ላይ የታጠፈች የደብተር ወረቀት ወጣች። ቀን አላት፣ አሥር ብር ይላል፣ የዘበኛችን ፊርማ አለበት።

ብሩ አልተሰረቀም። ዘበኛው ተቀብሏል፤ ያን ቀን ሲሚንቶ ላወረዱ ልጆች ከፍሎታል፤ ነግሮኛል፤ እኔም «እሺ» ብያለሁ። ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ሰው ሁሉ ወረቀቷን እያየ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል መዋጮ በጠራሁ ቁጥር ያቺ ወረቀት ፊቴ ላይ ትመጣ ነበር። ሴትየዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እሱ ነው የባሰኝ።

አሜሪካ ስደርስ የኮርስ ዝርዝር ሲሰጠኝ ዓይኔ ቀጥታ የትምህርት ቤት ፋይናንስ ላይ አረፈ። አማካሪዬ «የአመራር ንድፈ ሐሳብ ይሻልሻል» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ኮርሱ ውስጥ ለኔ የጠቀመኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው። አንደኛ፣ የገባ ገንዘብ ሳይመዘገብና ባንክ ሳይገባ አይወጣም፤ ለበጎ ነገር ቢሆንም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚቀበለው፣ የሚመዘግበውና ወጪ የሚፈቅደው ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ዘበኛዬ ሦስቱንም ሆኖ ነበር፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት። ስመለስ በየወሩ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ አድርጌ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ድሬዳዋ ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተለጠፈ ሒሳብ ለግማሹ ወላጅ እንዳልተለጠፈ ነው።

አሁን ወዳንቺ። ያንቺ ኮርስ የትምህርት ቤት ሕግ ነው። ካለ፣ ሌላ ሁሉ ቢቀር እሱን ውሰጂ። እዚያ የምትማሪው አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ፤ ጎስ እና ሎፔዝ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር 1971 ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ተማሪዎች ሳይሰሙ እስከ አሥር ቀን ታገዱ። ሎፔዝ የሚባለው ልጅ የታገደው የምግብ አዳራሽ ውስጥ ንብረት በተሰበረበት ግርግር ነው። እኔ ቆሜ ከሚያዩት ነበርኩ አለ፤ ቀድሞ የጠየቀው ግን አልነበረም። በዚያ ቀን ከሱ ሌላ 75 ተማሪዎች ታግደዋል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ1975 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ለአጭር ቀን እገዳ እንኳን ቢሆን ልጁ የተከሰሰበት ይነገረው፣ ካላመነ ማስረጃው ይገለጽለት፣ የራሱንም ይናገር ተባለ። ጠበቃ አምጡ፣ ችሎት አቋቁሙ አልተባለም። ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ ነው።

እኔ ይሄን ያነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱን «ወላጅህን ይዘህ ና» ብዬ ከበር መልሻለሁ! ልጁ ወላጅ አምጣ ሲባል የሚገባው ጥፋቱ አይደለም፤ አባቱ የቀን ሥራቸውን ትተው እንደሚመጡ ነው የሚያስበው። እንዲያውም አንዳንዱ ያንን ፈርቶ እስከ መጨረሻው ይቀራል።

የአሜሪካ ሕግ እዚህ አይሠራም ትይኝ ይሆናል፣ ልክ ነሽ። መስማት ግን የትም ይሠራል። ስመለስ አንድ ተራ ደብተር አሰመርኩና ሦስት ዓምድ አወጣሁበት፦ ምን ተባለ፣ ልጁ ምን አለ፣ ማን ሰማ። መሀለኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አይሰበሰብም። የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉት ዩኒት ሊደሮች መጀመሪያ ሥራ በዛብን ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ለመዱት። መሀለኛው ዓምድ ሲሞላ ጉዳዩ እዚያው የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ስለ ልጁ ደግሞ ኮርስ አትጠብቂ። ሳትሄጂ በፊት ቤታቸው ሂጂ። በስልክ አይሆንም፣ በሰውም አይላክም። እናቱ ፊት «ሳልሰማህ ቀጣሁህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» በይው። ያመለጠው ፈተና ነገር ካልተስተካከለም ከትምህርት ቤቱ ጋር ጨርሺለት።

ስለ ድልድሉ ቅያሜ የሚረዳሽ ኮርስ የለም። እሱን የሚያስተምርሽ ድሬዳዋ ራሷ ናት። ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ ዳገት በታች ያለ ትምህርት ቤትና ከደንገጎ በላይ ያለ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ድልድል አይኖራቸውም። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ሐረር ከ1,800 በላይ ነው። ግንቦት ላይ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ የገባ ሰው ያውቀዋል። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ ጠመኔው በእጅ ላይ በላብ ይሟሟል፣ የኋላ መደዳ ልጆች ግንባራቸውን ዴስኩ ላይ ያሳርፋሉ። ስፖርት እዚያ ሰዓት ላይ ማስገባት ጭካኔ ነው፤ ጠዋት መሆን አለበት። ሂሳብና ፊዚክስም እስከ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ማለቅ አለበት ይባላል። ታዲያ ሁሉም መምህር ጠዋቱን ይፈልጋል፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ነው። ጠቡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ዘግይቼ የደረስኩበትን ልስጥሽ። ስም የሌለበት መመሪያ ቀድመሽ ለጥፊ፤ ድልድሉ ከሳምንት በኋላ ይከተል። የሚያጠባ ልጅ ያላት መጨረሻ ክፍለ ጊዜ አይኖራትም፣ አንድ ሰው በተከታታይ ከሦስት ክፍለ ጊዜ በላይ አይገባም፣ አምና ከሰዓቱን የያዘ ዘንድሮ ጠዋቱን ያገኛል፣ እንደዚህ እንደዚህ። ስታፉ ሕጉ ላይ ይጨቃጨቅ፤ ሕግ ላይ ሲጨቃጨቁ አንቺን አይጠሉም። ስማቸውን ካዩ በኋላ ግን ሁሉም ነገር በሱ ላይ የተደረገ ይመስለዋል።

ሁለት ኮርስ ብቻ የምትይዢ ከሆነ ከሕጉ ቀጥሎ የመማር ማስተማር ሱፐርቪዥን የሚለውን እመክርሻለሁ። እኛ የክፍል ምልከታ የምንለው ነው፣ እኛ ጋ ግን ስህተት ለቀማ ሆኖ ቀርቷል። ሃርቫርድ ውስጥ ሞሪስ ኮጋን እና ባልደረቦቹ የጀመሩት መንገድ ከመግባትሽ በፊት ከመምህሩ ጋር ምን እንደምታዪለት ያስማማሻል፣ ከወጣሽ በኋላም ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ። ያንቺ ስታፍ ይሄን ይወደዋል።

ወንፊትሽን ግን ይዘሽ ግቢ። የፋይናንስ ኮርስ ከወሰድሽ ግማሹ ስለ ንብረት ግብር ነው። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በዋናነት ከአካባቢና ከስቴት በሚገኝ ገንዘብ ነው፣ የፌደራሉ ድርሻ ከመቶ አሥር ገደማ ነው። የቤት ዋጋ ከፍ ያለበት ሠፈር ትምህርት ቤቱም ሀብታም ይሆናል። የትምህርት ቦርዱን በብዙ ቦታ ሕዝቡ ይመርጣል፣ ቦርዱ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚመራ ሱፐርኢንቴንደንት ይቀጥራል። እዚህ ይዘሽው የምትመጪው አይደለም። አጥኚው፣ ፈተናሽን ሥሪ፣ እለፊ።

ስለ ክፍል ጓደኞችሽ ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። የትምህርት አስተዳደር ኮርሶች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ማታ ነው። ለምን ቢባል ተማሪዎቹ ቀን የሚያስተምሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ለሂሳብ ፕሮግራምሽም ይመችሻል። አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ከሥራ ደክሞ የመጣ ምክትል ርዕሰ መምህር ሊሆን ይችላል። አትፈሪ፣ «አንድ ቀን ትምህርት ቤትህን ልይ» በይው። እኔን አንዱ ወስዶኝ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሲደርሱ በር ላይ ቆመን ዋልን። ልጆቹን በስማቸው ነው የሚጠራቸው። አንዷን «ወንድምሽ ዛሬ የት ቀረ?» ሲላት ከየትኛውም ኮርስ በላይ አስተማረኝ፤ እኔ የራሴን ግቢ ልጆች በስም የማላውቅ ዳይሬክተር ነበርኩ።

ቅጹን ከመፈረምሽ በፊት ለአማካሪሽ ኢሜል ጻፊና ይሄን ጠይቂ። የረዳትነት ክፍያሽ ከሂሳብ ክፍል ውጪ ያለ ኮርስንም ይሸፍናል ወይ? ካልሸፈነ ከኪስሽ ነው፣ ውድ ነው። ማይነሩ የሚታወጀው መቼ ነው? አንዳንድ ቦታ ዘግይቶ የመጣ አይቀበሉም። ኮርሶቹ በማስተርሱ ክሬዲት ውስጥ ይቆጠራሉ ወይስ በላዩ ላይ ይጨመራሉ? በላዩ ከሆነ አንድ ሴሚስተር ሊያረዝምብሽ ይችላል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ደግሞ ምንም የማይነር ኮርስ አትያዢ። ሂሳቡ፣ ረዳት አስተማሪነቱና ብርዱ ይበቃሻል። ሲላበሶቹን፣ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ማለቴ ነው፣ ሁሉ አስቀምጪ፣ እዚህ ስትመለሺ ምን እንደተማርሽ የሚያሳይልሽ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ስም ሳይሆን እነሱ ናቸው።

«ከጠመኔ የሸሸ» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ በንግግር አትመልሺላቸው። አንድ ቀን ዳይሬክተር ከሆንሽ አንድ ሴክሽን ሂሳብ ያዢ። እኔ እስክወጣ ድረስ አንድ የአሥረኛ ክፍል ሴክሽን ጂኦግራፊ አልለቀቅሁም። መምህራኖቼ ክፍሉ እንደሚሞቅ ሲነግሩኝ ማስረዳት አይጠበቅባቸውም ነበር።

ጥያቄ

እኔ አሜሪካ የሚወስደኝ የለም፣ እትዬ። ሐረር ጀጎል አቅራቢያ ነው የማስተምረው፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወደ ትምህርት አመራር መግባት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

የሲቪክስ መምህር፣ ከሐረር

መልስ

ወንድሜ፣ የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማው ለሥራ ላይ ሰዎች በክረምት የሚሰጥ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካንተ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሄደህ ጠይቅ፣ ወረዳህም ወይም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ዕጩ ሲመለምል ስምህ እንዲኖር አድርግ።

እስከዚያው ደመወዝ የሌለበትን ሥራ ያዝ። በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ውስጥ የመምህራን ተወካይ ሆነህ ለመመረጥ ሞክር፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ አትጥላ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴ ውስጥ ግባ። አራቱን ዐቢይ ጉዳዮች፣ መማር ማስተማሩን፣ ምቹ አካባቢውን፣ አመራሩንና የኅብረተሰብ ተሳትፎውን ሁሉም በቃሉ ይላቸዋል። አንተ ግን አንዱን ብቻ ምረጥና ዓመቱን ሙሉ ተከታተለው። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውሃ ቢሆን እንኳን።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ከንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ በል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ማን እንደሚፈርም በዓይንህ እይ። አንድ ካርቶን ጠመኔ ምረጥና ከገባበት ቀን ጀምሮ የመጨረሻዋ ፍሬ የት ክፍል እንደደረሰች በወረቀቱ ተከተላት። የሆነ ቦታ ላይ ትጠፋብሃለች። የት እንደጠፋችብህ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።